ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ መብራት ቢል ነው። ቆዩ፣ ጣቢያ አትቀይሩ! ቢሉን የሚወስኑትን ሰዎች በኪሳችን ባለው ስልክ፣ በፌስቡኩም በኤክሱም፣ እንዴት እናናግራቸው የሚለውን ነው የምናነሳው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ነገሩን ከጎረቤቴ ልጀምር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ በምኖርበት ሕንፃ፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን እንዳልጠራ አስጠንቅቀውኛልና እትዬ እያልኩ ልቀጥል። እትዬ ረቡዕና ቅዳሜ እንጀራ ይጋግራሉ። ሽታው ደረጃውን ይዞ ሲወጣ ቀኑን ሳላይ አውቀዋለሁ። በብርዱ ወራት አንድ ማታ በሬን አንኳኩ። በእጃቸው የመብራት ቢል ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። ምጣዱን ልሸጠው ነው መሰለኝ» አሉኝ።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ሒሳቡን አብረን ሠራነው። እናንተም እርሳስ ካላችሁ ያዙ። ምጣዳቸው በተራው ሶኬት የሚሠራ ነው፤ ከሥሩ 1,500 ዋት ይላል። አንዴ ሲጋግሩ ሦስት ሰዓት ቢፈጁ አራት ተኩል ኪሎዋት ሰዓት በሉ ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ በወር ስምንት ጊዜ ቢሆን 36 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ16 ሳንቲም ብናስበው የወሩ እንጀራ በሙሉ ስድስት ዶላር አይሞላም። እትዬ ከዓምናው ተመሳሳይ ወር አብልጠው የከፈሉት ግን 23 ዶላር ነበር። የባሰው ደግሞ፣ የተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ከዓምናው በትንሹ ቀንሷል። የቀነሰ ሰው ጨምሮ ከፈለ።

ምጣዱ በነጻ ተለቀቀ። ታዲያ ተከሳሹ ማነው?

ቢሉን ገልብጠን የኋላውን ዝርዝር አየን። አብዛኞቻችን የፊት ገጹን ድምር አይተን፣ ተናደን፣ ከፍለን እንጥለዋለን። ዝርዝሩ ላይ ግን መብራቱ ከሚመነጭበት ቦታ የሚታሰብ ዋጋ አለ። በትልልቆቹ ማማዎች ተጉዞ ለመጣበት ሌላ ዋጋ አለ፤ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤታችን ለደረሰበትም እንዲሁ። ከዚያ ራይደር የሚሏቸው ይከተላሉ። ራይደር ማለት በዋናው ታሪፍ ላይ ተፈናጦ የሚሄድ ሒሳብ ነው፤ አንዱ ለነዳጅ፣ አንዱ ለአዲስ ማመንጫ፣ አንዱ ለመስመር። በፊደል ስለሚጠሩ ማንም ልብ አይላቸውም። እትዬ ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ቆጠሯቸውና «ይሄ ሁሉ ሰው በእኔ ላይ ነው የሚሳፈረው?» አሉ።

አሁን እያንዳንዱን መስመር ማን እንደወሰነው ማወቅ አለብን፤ ምክንያቱም መልእክታችን ባዶ ቦታ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መብራት ሲወደድ ቶሎ ብለን ፕሬዚዳንቱን ወይም ኮንግረስን እንወርፋለን። ቨርጂኒያ ውስጥ ታሪፉን የሚያጸድቀው ግን ሪችመንድ ያለው ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው። ሦስት ኮሚሽነሮች አሉት። እነሱን የሚመርጣቸው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ ማለትም እኛ የመረጥናቸው ሰዎች የመረጧቸው ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን ይባላል፤ አምስት አባላቱን ገዢው ይሾማል፣ የግዛቱ ሴኔት ያጸድቃል። ዲሲም የራሷ አላት።

ከእነዚህ ጎን ፒጄኤም የሚባል አለ። 13 ግዛቶችንና ዲሲን የሚያገናኘውን የኤሌክትሪክ መረብ የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ነው። ኃይል በተፈለገ ሰዓት እንዳይጠፋ፣ ለማመንጫዎች አስቀድሞ የሚከፈለውን ዋጋ በጨረታ ይወስናል። በጁላይ 2024 በተካሄደው ጨረታ ያ ዋጋ ለአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ። ዘጠኝ እጥፍ ነው። አዲሱ ዋጋ ከጁን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ በቀጥታ ቀምሳችሁታል። የፔንሲልቬኒያው ገዢ ጆሽ ሻፒሮ ለፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ አቤት ብለው፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ጨረታዎች የዋጋ ጣሪያ ተበጀ። ፖለቲከኛ ከተገፋ ጨረታም ጣሪያ ይወጣለታል ማለት ነው።

ዋጋው ለምን ዘለለ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የሚዘጉ አሮጌ ማመንጫዎች አሉ፣ መስመር ለመቀጠል ዓመታት የሚጠብቁ አዳዲሶች አሉ። ትልቁ ግን ዳታ ሴንተር ነው። ከደለስ አየር ማረፊያ ወጣ ብላችሁ አሽበርን አካባቢ የነዳችሁ፣ መስኮት የሌላቸውን እነዚያን ግዙፍ ሕንፃዎች አይታችኋል። ፎቶአችን፣ የባንክ ሒሳባችን፣ ይህ ፕሮግራም ራሱ እዚያ ውስጥ ያልፋል። የቨርጂኒያ ምክር ቤት የጥናትና የኦዲት ኮሚሽን በዲሴምበር 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ፍላጎቱ ገደብ ካልተደረገለት የግዛቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በአሥር ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል ብሏል። ያው ሪፖርት ዶሚኒየን የተባለው የመብራት ኩባንያ ተራ የቤት ደንበኛ እስከ 2040 ድረስ ለማመንጫና ለማስተላለፊያ ብቻ በወር ከ14 እስከ 37 ዶላር ተጨማሪ ሊከፍል ይችላል ሲል ገምቷል፤ የዋጋ ግሽበቱን ሳይጨምር።

በሌላ በኩል እነዚህ ሕንፃዎች ለካውንቲዎች ብዙ ግብር ያስገባሉ። አሽበርን ያለበት የላውደን ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ከዚያ ገንዘብ ይጠቀማሉ፤ ዳታ ሴንተር ውስጥ በጥበቃም በቴክኒሺያንነትም ተቀጥረው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖች አውቃለሁ። ስለዚህ ለሕግ አውጪው «ዝጉት» ብሎ መጮህ የትም አያደርስም። የሚያደርሰው፣ ለእነሱ የሚዘረጋውን መስመር ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ነው። በኖቬምበር 2025 የቨርጂኒያው ኮሚሽን 25 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ ለሚወስዱ ትልልቅ ደንበኞች የተለየ የታሪፍ መደብ አጽድቋል። ከ2027 ጀምሮ የ14 ዓመት ውል ይገባሉ፤ ኃይሉን ባይጠቀሙበትም እንኳ ካስያዙት የማስተላለፊያና የስርጭት አቅም ቢያንስ የ85 በመቶውን፣ የማመንጫውን ደግሞ የ60 በመቶውን ይከፍላሉ። ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ክርክሩ ያለው እዚያ ነው።

ኮንግረስስ? ኮንግረስ የእትዬን ታሪፍ አይወስንም። የቤት ማሞቂያ መክፈል ላቃታቸው የሚሰጠውን ላይሂፕ የሚባል የእርዳታ ገንዘብ ግን በየዓመቱ የሚመድበው እሱ ነው። በ2025 መጸው መንግሥት ለ43 ቀናት ሲዘጋ ያ ገንዘብ ዘግይቶ ነበር፤ ማን በብርድ እንደተቀመጠ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጣሪያቸው ላይ ሶላር ያስገቡ ቤተሰቦች ከታክስ ያስቀንሱት የነበረው 30 በመቶም የኮንግረስ ሥራ ነበር። በ2022 አራዘሙት፤ በጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ አቆመው። ያ ሕግ በሜይ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በተወካዮች ምክር ቤት ሲያልፍ ድምፁ 215 ለ214 ነበር። በአንድ ድምፅ! ሴኔቱም 50 ለ50 ተካፍሎ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ናቸው የለዩት።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመልሰናል። እትዬ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። ስልካቸውን አወጡና እዚያው እኔ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠው የአንድ ሕግ አውጪ የፌስቡክ ገጽ ላይ ጻፉ። ሰውየው በአንድ የወጣቶች የእግር ኳስ ሜዳ ምረቃ ላይ ሪባን ሲቆርጡ የሚያሳይ ፎቶ ለጥፈዋል። ከሥሩ እትዬ በአማርኛ «መብራት አቃጠለን፣ ዝም አትበሉን!» አሉና ሦስት የእሳት ምስል ጨመሩበት። በኋላ ፌስቡኩ ምን ብሎ እንደተረጎመው አየሁት፤ አምፖል ፈንድቶ ሰው የተቃጠለ ይመስላል። ከሥሩ አንድ የማያውቁት ሰው «የእሳት አደጋ ደውሉ» ብሎ መክሯቸዋል።

ስቀን ስናበቃ አንድ ነገር ገረመኝ። እኚህ ሴት ለሕግ አውጪ መጻፍ አዲሳቸው አይደለም። ፌስቡክም ትዊተርም የከፈቱት በ2020 ነው፤ የዓባይ ግድብ ድርድር ዋሽንግተን ላይ ከተበላሸ በኋላ። ያኔ «ግድቡ የኔ ነው» የሚለውን ሃሽታግ ያላጋራ ማን ነበር? የየከተማችንን ኮንግረስማን ስም ከነአጻጻፉ አወቅነው። ብዙዎች ደወሉ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ቢሮ ድረስ ሄዱ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የኮንግረሱ የጥቁር አባላት ጉባኤ አሜሪካ በድርድሩ ገለልተኛ እንድትሆን የሚጠይቅ መግለጫ አወጣ። ያንን ሃሽታጉ አመጣው አልልም፤ ከጀርባው ብዙ ስልክና ብዙ እግር ነበረበት። ግድቡ ሴፕቴምበር 9፣ 2025 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ለ5,150 ሜጋዋት ሌሊት እየነቃን የጻፍን ሰዎች፣ ወጥ ቤታችን ላለው 1,500 ዋት ግን አንድ ቀን አልጻፍንም። ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው።

እንግዲህ እንዴት እንጻፍ? በመጀመሪያ ማን እንደሚያነበው እንወቅ። አንድ የኮንግረስ ተወካይ 760 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። ቋሚ ሠራተኞቹ ከ18 መብለጥ አይችሉም፤ ያም ዋሽንግተንና ወረዳው ላይ ተከፋፍሎ። የእናንተን አስተያየት የሚያየው ምናልባት ኮሌጅ ከጨረሰ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ነው። ኮንግረሽናል ማኔጅመንት ፋውንዴሽን የሚባለው ተቋም በ2015 እንዲህ ያሉትን ሠራተኞች ጠይቆ ነበር፤ አንድ ፖስት ሥር ስንት ተመሳሳይ አስተያየት ሲያዩ ነገሩን ትኩረት ትሰጡታላችሁ ብሎ። ከአምስቱ አራቱ ያህል ከሠላሳ ያልበለጠ ይበቃናል አሉ። ሠላሳ ሰው! አንድ የሰንበቴ ማኅበር ማለት እኮ ነው። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱ በዝቷል፣ ገጹንም ዘግተው የሚሄዱ አሉ፤ ቢሆንም ቁጥሩ በሺህ የሚታሰብ አለመሆኑን ያዙልኝ።

የግዛት ተወካይ ጋ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። የቨርጂኒያ ዴሌጌቶች መቶ ናቸው፤ እያንዳንዱ 86 ሺህ ያህል ሰው ይወክላል። ቢሮው ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ረዳት ነው። እዚያ አምስት ሰው በአንድ ሳምንት ስለ አንድ ጉዳይ ከጻፈ፣ ረዳቱ ለአለቃው ሳይነግረው አይውልም።

የሚያነበው ሰው ግን መጀመሪያ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው የኛ ነዋሪ ነው ወይስ አይደለም? ዚፕ ኮድ የሌለው ቁጣ ከሜምፊስ ይምጣ ከሞስኮ አይታወቅም። ይህ ጥርጣሬ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 የኢንተርኔት ደንብ ሲሻሻል ለፌዴራሉ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ22 ሚሊዮን በላይ አስተያየት ገባ፤ የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ በኋላ ሲያጣራ 18 ሚሊዮን የሚጠጋው የውሸት ሆኖ ተገኘ። በመብራት ጉዳይም የታወቀ ታሪክ አለ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኢንተርጂ የተባለው ኩባንያ አዲስ የጋዝ ማመንጫ ሊሠራ ሲል፣ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ቲሸርት ለብሰው ያጨበጨቡት አንዳንድ «ነዋሪዎች» ገንዘብ የተከፈላቸው ተዋናዮች መሆናቸው በ2018 ታወቀ። ኩባንያው ሥራውን የሰጠሁት ድርጅት የቀጠረው እንጂ እኔ አላውቅም አለ፤ ምክር ቤቱ ግን አምስት ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። እንዲህ ካለ ነገር በኋላ ቢሮዎች የተቀዳና የተለጠፈ መልእክት ሲመጣ እንደ አንድ ክምር ቆጥረው ያልፉታል። አንድ ሰው በራሱ ቃል፣ ከራሱ ቢል ያወጣት አንዲት ቁጥር ግን በቀላሉ አትፈበረክም። ዋጋዋም እዚያ ላይ ነው።

የት እንደምትጽፉም ለውጥ አለው። እኛ ቲክቶክ እንወዳለን፤ ቴሌግራምና ዋትሳፕማ ቤታችን ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ግን በዲሴምበር 2022 በሚያስተዳድራቸው ስልኮች ላይ ቲክቶክን ከለከለ፤ በጁን 2025 ደግሞ ዋትሳፕን። ቲክቶክ ላይ የተጫወትነው ድራማ ጎረቤት ይቀሰቅስ ይሆናል፣ እሱም ጥሩ ነው፤ የቢሮው ሠራተኛ ግን በሥራ ስልኩ ላያየው ይችላል። ሕግ አውጪው ራሱ በለጠፈው፣ ስለ ኢነርጂ በሚያወራ ፖስት ሥር መጻፍ ይሻላል። ኳስ ሜዳ ሥር ስለ መብራት መጻፍ ሠርግ ቤት ገብቶ ዕዳ እንደመጠየቅ ነው። ሲሆን ሲሆን ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ በድረ ገጻቸው ላይ ባለው የመልእክት ቅጽ ላኩት። ቅጹ አድራሻ ይጠይቃል፣ በመዝገብ ይገባል፣ መልስም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእሱ ነው። የአደባባዩ አስተያየት ደግሞ ሌሎች ሠላሳዎች እንዲያዩት ነው። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ያምራሉ።

እትዬና እኔ እንደገና ጻፍነው። ልጃቸው ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። በአማርኛ ሲነበብ ይህን ይመስላል፤

«የተከበሩ ዴሌጌት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዚፕ ኮድ 22304 ነዋሪ ነኝ። ባለፈው ወር የተጠቀምኩት ኤሌክትሪክ ከዓምናው ያንሳል፤ ቢሌ ግን በ23 ዶላር ጨምሯል። ጡረተኛ ነኝ፤ 23 ዶላር የአንድ ወር የመድኃኒት ድርሻዬ ነው። ለዳታ ሴንተሮች የሚሠራው የመስመርና የማመንጫ ወጪ ወደ ቤተሰቦች ቢል እንዳይዞር የሚያደርግ ሕግ ቢቀርብ ይደግፋሉ ወይስ አይደግፉም?»

ስድብ የለም፣ ምርቃትም የለም። እትዬ መጨረሻ ላይ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ካልተባለ ብለው ተከራክረውኝ ነበር፤ እኔ ጥያቄው መጨረሻ ላይ ይሁን አልኩ። ሰው የሚመልሰው የመጨረሻውን ነው። «ወይስ አይደግፉም» የምትለዋም ሆን ተብላ ገብታለች። «ምን ያስባሉ?» ብትሏቸው ስለ ኢነርጂ ውስብስብነት አንድ ገጽ ይልኩላችኋል።

የሕጉን ቁጥር ካወቃችሁ ጨምሩበት። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም የሕግ ረቂቆቻቸውን በኢንተርኔት ያወጣሉ፤ ቁጥር ያለበት መልእክት በቀጥታ ወደሚመለከተው ፋይል ይገባል። ጊዜውንም አስቡ። የሁለቱም ግዛት ምክር ቤቶች በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታሉ። ሜሪላንድ 90 ቀን ትሰበሰባለች። ቨርጂኒያ በሙሉ ቁጥር ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው ከዚያ ያነሰ። ሜይ ላይ «ለምን ይህን ሕግ አላወጣችሁም» ማለት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ዶሮ እንደመግዛት ነው። ጥሩው ጊዜ ኖቬምበርና ዲሴምበር ነው፤ ረቂቅ የሚያረቁበት፣ ስልካቸውም ብዙ የማይጮህበት።

አንድ ስህተት አለ፣ ሰው ሲሠራው ብዙ አይቻለሁ። ታሪፍ ይጨመር አይጨመር ብሎ ኮሚሽኑ ጉዳይ ሲይዝ፣ ፌስቡክ ላይ መጻፍ መዝገብ ውስጥ አያስገባም። ኮሚሽነሮች በያዙት ጉዳይ ላይ እንደ ዳኛ ናቸው፤ መንገድ ላይ አግኝታችሁ ብታነጋግሯቸውም አይሰሟችሁም፣ ሊሰሟችሁም አይገባም። እዚያ የሚቆጠረው በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ የምታስገቡት አስተያየት ነው። ማህበራዊ ሚዲያው ለዚህ የሚጠቅመው የመዝገብ ቁጥሩን ለጎረቤት ለማዳረስ ነው። ስለ ዳታ ሴንተር ቦታ ከሆነ ደግሞ ውሳኔው የካውንቲው ቦርድ ነው። ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ በዲሴምበር 2023 ስለ አንድ ግዙፍ የዳታ ሴንተር ፕሮጀክት ያደረገው ስብሰባ 27 ሰዓት ያህል ፈጅቷል፤ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ወረፋ ይዞ ሲናገር ነጋ። ፕሮጀክቱ በጠባብ ልዩነት አለፈ፤ በኦገስት 2025 ዳኛ ሻሩት፣ ይግባኙም ቀጠለ።

ብንጽፍ ቢያግዱንስ የምትሉ አላችሁ። መልሱ ከዚሁ ከጎረቤታችን ይጀምራል። በ2016 የላውደን ካውንቲ ቦርድ ሰብሳቢ ፊሊስ ራንዳል አንድ ነዋሪ በፌስቡክ ገጻቸው ላይ የጻፈው ትችት ስላላስደሰታቸው ከገጹ አገዱት። ያገዱት ለ12 ሰዓት ብቻ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ከፈቱለት። ሰውየው ግን ከሰሰ። በጃንዋሪ 2019 የፌዴራሉ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያ ገጽ ለመንግሥት ሥራ የሚውል መድረክ ነው፣ በሐሳቡ ምክንያት ማገድ የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ፈረደለት። በማርች 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ፣ ከሚሺጋን በመጣ፣ መለኪያውን አጠበበው፤ ባለሥልጣኑ በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን ያለው መሆን አለበት፣ በዚያ ፖስት ላይም ያንን ሥልጣን እየተጠቀመ መሆን አለበት አለ። ስለዚህ የልጁን ልደት በለጠፈበት የግል ገጹ ላይ ቢያግዳችሁ መብቱ ሊሆን ይችላል። አስተያየታችሁን በይፋዊው ገጽ ላይ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

ዜግነት የላችሁምና መጻፍ አትችሉም የሚላችሁን አትስሙ። ተወካዩ የሚወክለው በሕዝብ ቆጠራ የተቆጠረውን ነዋሪ በሙሉ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለውም የሌለውም መብራት ይከፍላል። ግን አንድ ነገር በቅንነት ልበል። የስደት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነና ስማችሁ ያለበት የአደባባይ ጽሑፍ ካሳሰባችሁ፣ ስልክ አለ፣ የድረ ገጹ ቅጽ አለ፤ ጠበቃችሁንም ጠይቁ። የኮንግረሱ ማዞሪያ 202-224-3121 ነው። ደውላችሁ የተወካያችሁን ስም ስትሉ ያገናኟችኋል። ሌላው፣ የደንበኛ ቁጥራችሁን፣ የቢሉን ፎቶ ከነአድራሻው አደባባይ አትለጥፉ። ቢሉን የሚያሳይ ፎቶ ከለጠፋችሁ በጣታችሁ ሸፍኑት፤ እነዚያ መብራታችሁ ሊቆረጥ ነው እያሉ ደውለው የስጦታ ካርድ የሚጠይቁ አጭበርባሪዎችም ፌስቡክ ያነባሉ።

መብራታችሁ በእርግጥ ሊቆረጥ ከሆነም አስተያየት መጻፊያው ቦታ አይደለም። የተወካዩ ቢሮ በግል ጉዳያችሁ ሊገባ ሲል ብዙውን ጊዜ የፈቃድ ፎርም ያስፈርማችኋል። በቀጥታ ወረዳ ቢሮው ሂዱ። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ሊያስተናግዷችሁ እንደሚገባ አትርሱ። አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

ወደ እትዬ ልመለስ። መልእክታቸው ዴሌጌቱ ስለ ኢነርጂ በለጠፉት ፖስት ሥር ከተጻፈና በቅጹም ከተላከ በኋላ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ዝም ሆነ። በየቀኑ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ምነው፣ ሰውየው ሞቱ እንዴ?» ይሉኛል። የሰፈሩ የአበሻ ግሩፕ ላይ ያጋሩትን አይተው 11 ሰዎች እዚያው ፖስት ሥር የየራሳቸውን ቢል ጻፉ። አንዱ የሊፍት ታክሲ ነጂ የኤሌክትሪክ መኪናውን ቤት ቻርጅ ሲያደርግ ስንት እንደሚከፍል በዝርዝር አሰላው፤ ከእኔ ሒሳብ የተሻለ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ረዳቱ መለሰ። አጭር ነው። ዴሌጌቱ ሐሳቡን እንደሚደግፉ፣ ረቂቁ የትኛው ኮሚቴ ጋ እንዳለ፣ ከዚያም አንድ ጥያቄ፤ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ከነዋሪዎች ጋር ስብሰባ አለ፣ ቢልዎን ይዘው መጥተው ይህንኑ ሊናገሩ ይችላሉ ወይ?

እትዬ መልሱን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ቅዳሜ እኮ የምጋግርበት ቀን ነው» አሉ።

ዓርብ ማታ ከሥራ ስመለስ ደረጃው በእንጀራ ሽታ ታውዷል።